የደብሩ ዐጸድና የችግኙ ክብር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ዳር ዳሩን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ፣ መከሩ ከገባ፣ ገለባው በከብት ከተለቀመና ምድሩ ራቁቱን ከቀረ በኋላ በየካቲትና በመጋቢት ወራት ቢጓዝ፣ በግራና በቀኙ የሚያየው እስከ ተራራው ትከሻ ድረስ የታረሰ ማሳ፣ ጎርፍ የቈፈረው ቦረቦርና በየደጁ በሰልፍ የቆመ ባሕር ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ዐይኑን አንሥቶ ወደ ኮረብቶቹ ራስ የተመለከተ እንደ ሆነ፣ እዚህም እዚያም ክብ ሆኖ የጠቈረ የዛፍ ዐጸድ፣ በየዐጸዱም መካከል ከቅጠሉ በላይ ብቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያያል። የአገሩ ሰው ደኑን ከሩቅ አይቶ የታቦቱን ስም ይጠራል። ከአንዱ ደብር እስከ ሌላው ያለው ርቀት በአማካይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ከ1 ሺህ የሚበልጡ ዐጸዶች ከሰማይ በተነሡ ሥዕሎች ላይ ተቈጥረዋል፤ የሚበዙት ግን ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር አያልፍም።

ከጠራራው ማሳ ወደ ዐጸዱ የሚገባ ሰው ልዩነቱን ከዐይኑ አስቀድሞ በቆዳው ያውቀዋል። ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛና ብሳና፣ ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ኮሶ፣ በየቁመታቸው ተደራርበው ፀሐዩን ከላይ ይካፈሉታልና፣ ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃን ጥቂትና ለስላሳ ነው፤ ከሥራቸውም የዘመናት ቅጠል በስብሶ የሠራው ጥቁር አፈር እርጥበቱን እስከ በጋው መካከል ይዞ ይቆያል። ከዛፎቹ ጥግ ጥግ የአብነት ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ፊደል ይቈጥራል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ ሌላው ቅኔውን ሊዘርፍ ሐሳቡን ሰብስቦ ከአንድ ወይራ ግንድ ተደግፎ ዝም ብሏል። ከመቃብሩ በኩል የሚሰማው የርግብና የጕጕት ድምፅ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ሲኖሩ፣ ጥላው ራሱ የማን ሥራ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ለረጅም ዘመን አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያንን የሕንጻ ሥርዐት ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ደን እንዲሁ ተረስቶ የቀረ ጫካ አይደለም። ታቦቱ ያለበት መቅደስ በቅድስት፣ ቅድስቱ በቅኔ ማሕሌት፣ ቅኔ ማሕሌቱ በዐውደ ምሕረቱ እንደሚከበብ፣ ዐውደ ምሕረቱም በዕፅዋት ይከበባል፤ ስለዚህ ደኑ ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያው መጋረጃ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ካህናቱን ስለ ደኑ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ዛፎቹ ለታቦቱ ጥላና ልብስ፣ ለሙታን ማረፊያ፣ ለመናንያን መሰወሪያ፣ ለአዕዋፍ ማደሪያ ናቸው፤ ስፍራውም የገነት አምሳል ነው፤ አዳምም በገነት የተሾመው ለሥራና ለጥበቃ ስለ ሆነ፣ ካህኑና ምእመኑ በዚህ ትንሽ ዐጸድ ያንኑ ሹመት ይወርሳሉ። መጥረቢያ ይዞ የገባውን ሰው የሚከለክለው ዘበኛ ብዙ ጊዜ አልነበረም፤ የከለከለው ግዝት ነው፤ ከግዝቱም በላይ ታቦቱን መፍራት ነው።

ይህ ፍርሃት ምን ያህል እንደ ጠበቀ ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ይገባል። በተማሩት ሰዎች ዘንድ ዘወትር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበረ፣ ዛሬ የቀረው ግን እፍኝ አይሞላም የሚል ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ይህ ቍጥር በማስረጃ ያልጸና መሆኑን ካሳዩ ቆይተዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአውሮፕላን ያነሧቸውን ፎቶግራፎች አግኝተው ከዛሬው የሳተላይት ሥዕል ጋር ያስተያዩት የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም፣ የደቡብ ጎንደር ዐጸዶች ያን ጊዜም ቢሆን በየኮረብታው ለብቻቸው የቆሙ እንደ ነበሩ፣ ስፋታቸውም እምብዛም እንዳልተለወጠ፣ የጠፋው ይልቁን በዙሪያቸው የነበረው የቍጥቋጦ ቀበቶ መሆኑን አግኝተዋል። ጣሊያን መጥቶ ሄዷል፣ ንጉሡ ከዙፋን ወርደዋል፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን ርስትና ጉልት አጥታለች፤ ከዚያም በኋላ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተተክቷል፤ በዚህ ሁሉ መካከል የዐጸዱ ዛፎች ቆመዋል። እኔ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለ ሕግ ጽሑፍና ያለ ደመወዝ ይህን ያህል ዘመን የጸና ሌላ የተፈጥሮ ጥበቃ መኖሩን አላውቅም።

ነገር ግን የቍጥቋጦው ቀበቶ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። ቀበቶው ነፋሱንና ፀሐዩን ከውጭ የሚመክት፣ ከብቱንም ዐጸዱ ከመድረሱ በፊት የሚያስቀር ነበር፤ እርሱ ታርሶ ሲያልቅ ማረሻው እስከ ዛፉ ሥር ደረሰ፤ መከሩ ከተሰበሰበ በኋላም ልቅ የሚለቀቀው ከብት ለምለም ነገር ፍለጋ የሚሄድበት ስፍራ ከዐጸዱ ሌላ ጠፋ።

የዚህን ነገር ክብደት በማስተዋልና በመለካት ቀዳሚ ስፍራ የሚሰጣቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ብዙው አንባቢ የሚያውቃቸው «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው፤ በሙያቸው ግን የደን ሥነ ምኅዳር ሊቅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትርና ማዕርግ ያቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐጸድ የሚመለከት ነበር። ከእነዚህ መካከል ከሁለት ሄክታር ያነሰ ስፋት ያለው ደብር አለ፤ በደራ ወረዳ እንዳለው እንደ ገላውዴዎስ ያለ ወደ 100 ሄክታር የሚጠጋም አለ። በሁሉም ውስጥ ዛፉን፣ ቍጥቋጦውንና ሐረጉን አንድ በአንድ ሲቈጥሩ ከ160 የሚበልጡ የዕፅ ዓይነቶች አገኙ፤ አብዛኞቹም በዙሪያው ካለው ማሳና ግጦሽ ፈጽመው የጠፉ ናቸው። ስለዚህ በአገሩ ላይ ዳግመኛ ጽድ፣ ወይራ ወይም ዝግባ ይብቀል ቢባል፣ ዘሩ የሚገኘው ከታቦቱ ጥላ ሥር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚቀጥለው ግኝት እጅግ የሚያስደነግጥ ነው፤ እንዲያውም የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚታሰረው በእርሱ ነው። ተመራማሪው ከዐጸዶቹ አፈር እየወሰዱ በውስጡ ተኝቶ ያለውን ዘር ሲያበቅሉ፣ አብዛኛው የበቀለው ሣርና አረም ሆነ፤ የታላላቆቹ ዛፎች ዘር ግን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተሸሽጎ ቀን የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም፤ ወይ ወዲያው ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። ወላጁ ዛፍ ከወደቀ በኋላ ምድሪቱን ተንከባክቦ በመጠበቅ ብቻ ያንን ደን መመለስ አይቻልም። ደግሞም በዐጸዱ ውስጥ አንዱን ቦታ በአጥር ከልለው፣ ሌላውን ለከብት ክፍት ትተው ጎን ለጎን ሲያስተያዩት፣ ከብት በሚገባበት ስፍራ የዘሩ መብቀል ራሱ እንደሚቀንስ፣ የበቀለውም ችግኝ በሰኮና ተረግጦና በጥርስ ተቀንጥሶ አብዛኛው ዓመት እንደማይሞላው ተረዱ።

እንግዲህ በብዙ ደብሮች ያለው ሁኔታ አረጋውያን የሞሉበት፣ ሕፃን ግን የሌለበት ቤት ነው። የቁም ዛፎቹ ክብር ተጠብቋል፤ ከሥራቸው የሚተካው ትውልድ ግን የለም። መጥረቢያ የሚፈራውን ግዝት በሬ አያውቀውም። ካህኑ ሳይበድል፣ ገበሬውም ሳይቈርጥ፣ ሁለቱም የአባቶቻቸውን ሥርዐት እንደ ጠበቁ፣ ደኑ በእርጅና ያልቃል። ይህን የሚያህል ኀዘን በዝምታ የሚመጣ መሆኑ ነው የከፋው፤ ምክንያቱም የመቶ ዓመት ዝግባ ቆሞ እያለ ደኑ እየሞተ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አይገኝም።

እንዲታመን ያደረገው አንድ ሥዕል ነው። በዛፎች ራስ ላይ ያለውን ሕይወት በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊት ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከዶክተር ዓለማየሁ ጋር ከተባበሩ በኋላ፣ ሁለቱ የየደብሩን ካህናት ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን የየዐጸዱን ምስል አሳዩአቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ደብራቸውን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለከቱ የኖሩ አባቶች፣ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ወደ ታች አዩት፤ በቢጫ ምድር መካከል እንደ ነጥብ የቀረች አረንጓዴ፣ ጫፏም የተበላ ነበረች። ከዚያ በኋላ ስለ ደን ጥቅም ረጅም ስብከት ማድረግ አላስፈለገም፤ ጥያቄው ምን ይደረግ የሚል ብቻ ሆነ። መልሱንም የሰጡት ካህናቱ ናቸው፤ ብዙ ደብሮች ከጥንት ጀምሮ የድንጋይ ካብ ነበራቸውና፣ ያለው ይታደስ፣ የሌለውም ይካብ አሉ። ሊቃውንቱ ዕውቀቱንና ለበር የሚሆነውን ገንዘብ ሲያመጡ፣ ድንጋዩንና ጉልበቱን ሕዝቡ አመጣ።

የካብ ሥራ በቃል ይጀመራል። በሰንበት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቄሰ ገበዙ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ይቆምና ነገሩን ያስታውቃል፤ የሥራው ቀን በዓል ላይ እንዳይውል የወሩ ቀኖች ይቈጠራሉ፤ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ እመቤታችንን፣ ጊዮርጊስን፣ ባለ ወልድን እየዘለሉ የሚተርፈው ቀን ብዙ ስላይደለ፣ አንድ ጊዜ የተቈረጠ ቀጠሮ ሳይፈርስ ይከበራል። ሰበካ ጉባኤው ዙሪያውን በየጎጡ ያካፍላል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ገመድ ይዞ ሲለካ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የጥንቱ ወሰን እስከየት እንደ ነበረ በጣታቸው እያመለከቱ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ አንዳንዴ ሙሉ ጠዋት ይፈጃል፤ ነገር ግን ሳይከራከሩ የተካበ ካብ ከርሞ ይፈርሳልና፣ ይህ ጊዜ ባከነ አይባልም።

በቀጠሮው ዕለት ሰዉ ጎሕ ሲቀድ ይሰበሰባል። ጎልማሶቹ በድጅኖ ከማሳው ውስጥ ድንጋዩን እየፈነቀሉ በቃሬዛ ለሁለት ያነሡታል፤ ትንንሹን የአብነት ተማሪዎችና ልጆች በእቅፋቸው ያመላልሱታል። የማሳው ባለቤት ይህን ሲያይ አይከፋውም፤ ያ ድንጋይ በየክረምቱ ማረሻውን የሚሰብርበት፣ በሬውን የሚያሰናክልበት ነበርና፣ ከእርሻው ወጥቶ ለታቦቱ አጥር ሲሆን ሁለት በረከት ያገኛል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ለደብሩ የሚሰጠው ስጦታ ከገበሬው ቀለብ የሚቀነስ አልሆነም፤ ገበሬው ሲሰጥ ማሳው ሰፋ።

የካብ ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከመሠረቱ አጠገብ ይቆማሉ። ትልልቁ ድንጋይ ከታች በሁለት ረድፍ ይቀመጣል፤ መካከሉ በጠጠር ይሞላል፤ በየርቀቱም ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶም የለውም፤ ስለዚህ የክረምቱ ውኃ ሳይገፋው በቀዳዳው ሾልኮ ያልፋል፤ ከፈረሰም በዚያው በወደቀው ድንጋይ ይጠገናል። ይህ ሥራ የሚውለው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው እህል ሳይቀምስ እስከ ሰርሖተ ቅዳሴው ይውላል፤ ቅዳሴው ሲወጣ ሴቶቹ ንፍሮና ቆሎ፣ ቂጣና ውኃ ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ ከዚያም እስከ ምሽት ይቀጠላል። ደመወዝ የለም። በአገሩ ልማድ ለጎረቤት እርሻ ወይም ለቤት ክዳን ጅጊ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ይህም ለታቦቱ የወጣ ጅጊ ነው።

ብልህ የሆነ ደብር ካቡን ከዛፉ ሥር አያስጠጋውም፤ ጥቂት ርምጃ ወደ ውጭ አርቆ ይክበዋል። በዛፉና በካቡ መካከል የሚቀረው ባዶ መሬት በመጀመሪያው ዓመት ሣር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ አጋምና ቀጋ ይገቡበታል፤ በእነርሱ እሾኽ ተከልሎ ብሳናና ወይራ ይነሣል። ማንም ሳይተክለው ደኑ ወደ ካቡ ይራመዳል። የጠፋው የቍጥቋጦ ቀበቶ በዚህ መንገድ ይመለሳል።

አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ስለ አየር ንብረት መለወጥ ምን ያገባዋል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። የዓለምን ሰማይ ያሞቀው የከሰልና የነዳጅ ጢስ ከፋርጣና ከደራ ኮረብታ አልተነሣም፤ አምስት ሄክታር ደንም ያንን ጢስ ሊመልሰው አይችልም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሰማዩን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ በሥርዐቷ ውስጥ ስትቈጥር የኖረች ናት። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመነ ክረምት ሊቃውንቱ በድጓ በዘርዕና በደመና፣ በመብረቅና በነጐድጓድ፣ በአፍላግና በጠል እየከፈሉ ያዜማሉ፤ በቅዳሴውም ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል፤ ዝናም ሲቀር ሕዝቡ ምሕላ ይይዛል። ዛሬ ያንን ዜማ የሚያዜመው መሪጌታና ያንን ምሕላ የሚይዘው ገበሬ ክረምቱ እንደ ልማዱ አለመሆኑን በየዓመቱ ይነጋገራሉ፤ ዝናሙ ዘግይቶ ይገባል፣ ከገባም በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል ይላሉ። እንዲህ ላለው ዝናም በጸሎቱ አጠገብ መልስ የሚሰጠው ዐጸዱ ነው።

በራቁቱ ማሳ ላይ የወረደ ኃይለኛ ዝናም አፈሩን መትቶ ይደፍነዋል፤ ውኃውም ሳይሰርግ ወደ ቦረቦሩ ይሮጣል። በዐጸዱ ላይ የወረደው ግን በመጀመሪያ ቅጠሉ ይሰብረዋል፣ ቀጥሎ የበሰበሰው ቅጠል ይጠጣዋል፣ ከዚያም በሥሩ ቀዳዳ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከብዙ ደብሮች ግርጌ ጸበል የሚፈልቀውና የመንደሩ ምንጭ በበጋ የማይነጥፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ሲገቡ የሚሸከሙት ደለል የእነዚሁ የተራቈቱ ማሳዎች አፈር ነው፤ ፎገራ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ደግሞም ንቡ በዐጸዱ ውስጥ ያድርና ኑጉንና ባቄላውን ሊያዳብር ወደ ማሳው ይወጣል፤ በቀፎው ያለው ማርም ለባለቤቱ ይተርፋል። ሽማግሌዎቹ ዛፎችም፣ ከሥራቸው ያለው ጥቁር አፈርም፣ ከተቈረጡና ከታረሱ ወደ ሰማይ የሚመለሰውን ካርቦን በውስጣቸው ይዘውታል። እነዚህ ነገሮች ለብቻቸው ትንንሽ ናቸው፤ በአንድ ዞን ከሺህ በላይ ደብሮች ላይ ተባዝተው ሲታዩ ግን አገር የሚያህል ሥራ ይሆናሉ።

ካቡ የማይከለክላቸው ጠላቶችም አሉ፤ ስለ እነርሱ ዝም ማለት ለቤተ ክርስቲያን ማድላት አይሆንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በብዙ ደብሮች ከካቡ ውስጥ ተተክሏል፤ ምክንያቱም ርስቷን ያጣች ቤተ ክርስቲያን ለጧፍ፣ ለዕጣን፣ ለዘቢብና ለካህናት ቀለብ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ባሕር ዛፍም በጥቂት ዓመታት ለገበያ ይደርሳል፣ ዝግባ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈጃል። ከባሕር ዛፍ ሥር የአገር ዛፍ ችግኝ በደኅና አይነሣም። መቃብሩም ተለውጧል፤ ቀድሞ በአፈር ክምርና በድንጋይ ምልክት ይታወቅ የነበረው፣ አሁን በሲሚንቶ እየተገነባ ዘር የሚወድቅበትን መሬት ይዘጋዋል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን በቅን ልብ የሚደረገው ጥፋት ነው። ከደብሩ ተወልደው በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለአጥቢያቸው ያላቸው ፍቅር ታላቅ ነው፤ ገንዘብ አዋጥተው የሣር ክዳኑን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ የሲሚንቶ ሕንጻ ሲያስተኩ፣ ለሕንጻው ቦታና ለመኪናው መግቢያ የሚወድቁት ዛፎች ሕንጻውን ካሠሩት ሰዎች አያቶች የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱ ለካብ ጥገና፣ ለደጅ ጠባቂ ቀለብና ለአገር በቀል ችግኝ ማፍያ ቢመደብ፣ የልጆቹ ስም ከታቦቱ ደጅ አይጠፋም።

ይህ ሥራ የአንድ እምነት ወይም የአንድ ክፍለ ሀገር ብቻ አይደለም። በዘጌ ገዳማት ዙሪያ በሬ ጠምዶ ማረስ በሥርዐት የተከለከለ በመሆኑ ምእመናኑ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለሙ ለዘመናት ኖረዋል፤ የጣና ሐይቅ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ይህ ሁሉ ተቈጥሮለታል። በወሎ የሙስሊሞች መቃብርና የደጋጎች መካን ባለበት ሁሉ ያልተነካ ዛፍ መታየቱ የታወቀ ነው። በወላይታ ደግሞ በሁምቦ ተራራ ላይ፣ ወርልድ ቪዥን የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከሰባት የገበሬ ማኅበራት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ምድር አስከልሏል፤ በዚያ ሥራው የተጀመረው ከመሬት በታች ገና በሕይወት ካለው ጉቶ ነው፤ ገበሬዎቹ ከየጉቶው የሚያቈጠቍጠውን እየመረጡ፣ የቀረውን እየገረዙ፣ ከብቱን እየከለከሉ ደኑን መለሱት፤ የዓለም ባንክም በደኑ ስለ ተያዘው ካርቦን ገንዘብ ከፈላቸው። የሁምቦ ሥርና የጎንደር ዘር ጠባያቸው ቢለያይም፣ ሁለቱን ያዳናቸው ብልሃት አንድ ነው፤ ከመትከል በፊት መከልከል ቀድሟል።

ይህን የምለው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም በየክረምቱ የሚተከለውን ችግኝ ለማቃለል አይደለም። የሚተከለው ዛፍ ዓይነት ግን ከዘሩ ይወሰናል፤ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ደግሞ ከየት እንደሚገኝ ከላይ ታይቷል። በየደብሩ አጠገብ በአብነት ተማሪዎችና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ ትንሽ የችግኝ ቦታ ቢኖር፣ ከዐጸዱ የተለቀመ የዝግባና የወይራ ዘር ለወረዳው ተከላ ይደርሳል፤ ደብሩም ከባሕር ዛፍ የሚያገኘውን ገቢ በከፊል ከዚህ ሊተካ ይችላል።

አሁን ከፊት ያለው ከባዱ ነገር በሁለት ደብሮች መካከል ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ብቻዋን የቆመች ትንሽ ደን የቱንም ያህል ብትካብ፣ ዛፎቿ ከሌላ ደን ዛፍ ጋር ካልተዳቀሉ፣ ዘር የሚያመላልሰው ወፍም መንገድ ካላገኘ፣ በብዙ ትውልድ ውስጥ መድከሟ አይቀርም። በመካከል ያለው ምድር ግን የብዙ ቤተ ሰብ ማሳ ነው፤ አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት ያለውን ገበሬ ለወፍ መንገድ ልቀቅ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ከማሳው ላይ ባይጀመር ይሻላል፤ ከወንዝ ዳርና ከቦረቦሩ ይጀመር። ቦረቦሩን ማንም አያርሰውም፤ ከብት ቢወርድበት ይሰበራል፤ በየክረምቱም ከሁለቱም ወገን ማሳ እየቈረሰ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቢከለል የሚጐዳ ሰው የለም፣ የሚጠቀም ግን ብዙ ነው። ብዙውም ቦረቦር ከአንዱ ደብር ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ሌላው ግርጌ የሚወርድ ነው። የሁለቱ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያት፣ ሽማግሌዎቹና የቀበሌው ልማት ሠራተኛ በበጋው አንድ ቀን ወርደው ዳሩን ዳሩን ተጕዘው፣ ከየት እስከ የት ከብት እንደማይገባበት ቢስማሙና ስምምነቱ በሁለቱም ዐውደ ምሕረት ላይ በአንድ ሰንበት ቢነገር፣ ሥራው በሚቀጥለው ክረምት ሊጀመር ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ድንጋይ በየማሳው፣ ዘሩም በየዐጸዱ አለ።